ስለ ጡንቻ ሕመሞች ስምና ስለ ትርጓሜያቸው

ከሐኪም ቤት የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው መድኃኒቱ ነው፤ ሁለተኛው የበሽታው ስም የተጻፈበት ወረቀት ነው። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስደው ተነግሮታልና ይወስደዋል። ወረቀቱን ግን አጣጥፎ በኪሱ ወይም በመቀነቱ ይከተዋል እንጂ ምን እንደሚል አያውቅም። በላዩ ላይ ያለው ስም ረጅምና ለምላስ የማይመች የውጭ አገር ቃል ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ስሙ በረዘመ መጠን በሽታውም የከፋ ይመስለዋል። በዚህች ጽሑፍ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ለማስረዳት የምፈልገው እነዚህ ስሞች እንደ ድግምት የተሰወሩ አለመሆናቸውን ነው። ከትናንሽ ክፍሎች የተገጣጠሙ ናቸው፤ ክፍሎቹን ለሚያውቅ ሰውም ራሳቸውን ይገልጣሉ። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ የገለጡት ነገር ሰውን እንደሚያሳስት ደግሞ አሳያለሁ። ሁሉን በሽታ ማንሣት ስለማይቻል የምናገረው ስለ ጡንቻ ብቻ ነው፤ ጡንቻን የመረጥሁበትም ምክንያት ወደ ታች ይገኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕክምና ቃላት አብዛኞቹ የተወሰዱት ከጥንታዊው የግሪክ ቋንቋና ከላቲን ነው። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም፤ እኛም አዲስ ነገር መጥቶ ስም ሲያስፈልገው ወደ ግዕዝ እንሄዳለን። «ሥነ» የሚለውን ቃል በፊት አስቀምጠን ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ፈለክ እንላለን። «ኢ» የምትለዋን አንዲት ፊደል ጨምረን ደግሞ ሰብአዊ የነበረውን ኢሰብአዊ፣ ፍትሐዊ የነበረውን ኢፍትሐዊ እናደርገዋለን። በግሪክም «አ» በቃል ፊት ስትገባ «የሌለው» ማለት ትሆናለች። እንግዲህ ግዕዝን በጥቂቱም ቢሆን የሰማ የአገራችን ተማሪ ይህ አሠራር ለጆሮው እንግዳ አይሆንበትም።

ጡንቻ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚጠራበት ስም «ሙስኩሉስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ትንሽ አይጥ» ማለት ነው። ግሪኮችም «ሚስ» የሚለውን አንድ ቃል ለአይጥም ለጡንቻም ይናገሩበት ነበር። አንባቢው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ደጋግሞ ቢያጥፍና ቢዘረጋ፣ ከቆዳው በታች ወዲያና ወዲህ የምትሮጥ ነገር ያያል፤ የጥንት ሰዎች አይጥ ያሏት እርስዋን ነው። ዛሬ በብዙ የሕክምና ስሞች መጀመሪያ ላይ የምናገኘው «ማዮ» የተወለደው ከዚሁ «ሚስ» ከሚለው ቃል ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም «ማዮ» ብሎ ቢጀምር ነገሩ ስለ ጡንቻ መሆኑን ወዲያው ማወቅ ይቻላል።

የጡንቻ ዓይነት ሦስት ነው። አንደኛው ከአጥንት ጋር ተያይዞ በፈቃዳችን የሚንቀሳቀሰው ነው። ሁለተኛው ጨጓራን፣ አንጀትንና የደም ሥርን የሚያንቀሳቅሰው፣ እኛን ሳይጠይቅ የሚሠራው ልሙጥ ጡንቻ ነው። ሦስተኛው የልብ ጡንቻ ነው፤ «ካርዲያ» ልብ ማለት ነውና ይህ ጡንቻ «ማዮካርዲየም» ይባላል። ከአጥንት ጋር የተያያዙት ብቻቸውን ከ600 በላይ ሲሆኑ፣ ከአንድ ጐልማሳ ሰው ክብደት ውስጥ ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን ይይዛሉ።

የእያንዳንዱ ጡንቻ ስም ሲፈታ ደስ ያሰኛል፤ በፈተና ሰሞን ግን ይህን ደስታ የሚቀምሰው ጥቂት ተማሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ከክንድ ፊት ያለው «ባይሴፕስ» ሁለት ራስ፣ ከኋላው ያለው «ትራይሴፕስ» ሦስት ራስ፣ ከጭን ፊት ያለው «ኳድሪሴፕስ» አራት ራስ ማለት ነው። ትከሻን የሚሸፍነው «ዴልቶይድ» የተባለው ዴልታ የተባለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን የግሪክ ፊደል ስለሚመስል ነው። በጉንጭ ውስጥ ያለው «ባክሲኔተር» መለከት ነፊ ማለት ነው፤ ዋሽንት የሚነፋን እረኛ ጉንጭ ያየ ሰው ስሙ እንደሚገባው ይመሰክራል። ምግብ የምናኝክበት «ማሲተር» አኛኪ ማለት ነው። ከዳሌ ተነሥቶ ጭንን በአግድም አቋርጦ እስከ ጉልበት የሚወርደው የሰውነታችን ረጅሙ ጡንቻ ደግሞ «ሳርቶሪየስ» ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ማለት ነው፤ የጥንት ልብስ ሰፊዎች እግራቸውን አነባብረው መሬት ላይ ተቀምጠው ይሠሩ ስለነበር፣ እግርን እንደዚያ ለማጠፍ የሚያግዘውን ጡንቻ በእነርሱ ስም ጠሩት። እኛ በአንዲት አጭር ቃል ባት ብለን የምንጠራው «ጋስትሮክኔሚየስ» ሲሆን ትርጓሜው «የቅልጥም ሆድ» ነው። ይህን የባት ነገር አንባቢው በልቡ ያኑርልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሽታዎቹን ለመለየት ጡንቻ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ትእዛዝ ከአንጐል ይነሣና በኅብለ ሰረሰር በኩል ይወርዳል፤ ከዚያም በነርቭ ተሳፍሮ እስከ ጡንቻው ደጃፍ ይደርሳል። በነርቩ ጫፍና በጡንቻው መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ስላለ ትእዛዙ «አሴቲልኮሊን» በሚባል ንጥረ ነገር አማካይነት ይሻገራል። መልእክቱ የደረሰው ጡንቻ በውስጡ ያሉት አክቲንና ማዮሲን የተባሉ ቀጫጭን ክሮች አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚንሸራተቱ ያጥራል፤ ሲያጥርም አጥንቱን ይስባል። ይህን መንሸራተት በ1954 ሁለት የተለያዩ የተመራማሪ ቡድኖች በአንድ ጊዜ አስታወቁ፤ የሁለቱም ቡድን መሪዎች ሃክስሊ የሚባሉ ሲሆኑ ዝምድና ግን አልነበራቸውም። እንግዲህ አንድ ሰው እግሩ አልታዘዝ ቢለው ጥፋቱ በአንጐል፣ በኅብለ ሰረሰር፣ በነርቭ፣ በክፍተቱ ወይም በራሱ በጡንቻው ሊሆን ይችላል። የሕክምና ስሞች ዋና ሥራ ከእነዚህ ከአምስቱ በየትኛው ላይ እንደሆነ ማመልከት ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ ጅራት እንለፍ። «አልጂያ» ሕመም ነው፤ ስለዚህ «ማያልጂያ» የጡንቻ ሕመም ብቻ ነው፤ ጉንፋን ጠንቶበት ሰውነቱ ሁሉ የሚቈረጣጠመውን ሰው ያገኘው ይኸው ነው፤ ስሙ ቢያስፈራም ነገሩ ቀላል ነው። «አይቲስ» መቈጣት ነው፤ የተቈጣ ቁስል እንደምንለው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ «ማዮሳይቲስ» የጡንቻ መቈጣት፣ «ማዮካርዳይቲስ» የልብ ጡንቻ መቈጣት ይሆናል። «ፓቲ» በጠቅላላው በሽታ ነው፤ ስለዚህ «ማዮፓቲ» የሚል ወረቀት «ጡንቻው ታሟል» ከማለት የበለጠ የሚናገረው የለም፤ እንደ እኔ አስተያየት ይህ ስም ሁሉ ነገር የሚከተትበት ስልቻ ነው። «ሊሲስ» መፈታት ወይም መቅለጥ ነው፤ በ1941 ለንደን በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብ ከፍርስራሽ በታች ሰዓታት ተጭነው የቆዩ ሰዎች ከወጡ በኋላ በኩላሊት መድከም መሞታቸውን ሐኪሞች መዘገቡ፤ የተጨፈለቀው ጡንቻ ቀልጦ ከደም ጋር ሄዶ ኩላሊትን ስለሚጐዳ ነው። ይህ የጡንቻ መቅለጥ ዛሬ «ራብዶማዮሊሲስ» ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ ልዘገይበት የምፈልገው ጅራት ግን «ትሮፊ» የሚለው ነው። ከግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መመገብ ወይም ማሳደግ ነው። «አ» ስትጨመርበት «አትሮፊ» ይሆናል፤ ምግብ ማጣት፣ መመንመን ማለት ነው። እግሩ ተሰብሮ ለሁለት ወር በጀሶ የታሰረ ሰው ጀሶው ሲፈታለት ያን እግሩን ከሌላው ጋር ቢያስተያየው ቀጥኖ ያገኘዋል፤ ይህ አትሮፊ ነው፤ ሥራ ያጣ ጡንቻ ይመነምናል። «ሃይፐር» ከመጠን በላይ ማለት ነውና «ሃይፐርትሮፊ» የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሸክም ሠራተኛ ትከሻ ምሳሌ ይሆናል። «ዲስ» ደግሞ መጥፎ፣ የተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ «ዲስትሮፊ» ቃል በቃል ሲፈታ «የተበላሸ አመጋገብ» ይሆናል፤ ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዕድሜው ሰባት ነው። መራመድ የጀመረው ከእኩዮቹ ዘግይቶ ነበር፤ ሲሮጥም እየተወላገደ ቶሎ ይወድቅ ነበር። ባቱ ግን ወፍራምና ጠንካራ ስለነበረ ያየው ሰው ሁሉ «ይህ የሯጭ ባት ነው» እያለ ያመሰግነው ነበር፤ እናቱም በዚህ ደስ ይላት ነበር። ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ «ጅማቱ ተላውሷል» ተባለና ታሸ። በመጨረሻ ከተማ መጥቶ ሲመረመር «ዱሼን መስኩላር ዲስትሮፊ» የሚል ወረቀት ተሰጣት። በሰፈሯ ትምህርት የቀመሰ አንድ ሰው ነበርና ወረቀቱን አሳየችው። እርሱም ልክ እኔ ከላይ እንዳደረግሁት ቃሉን ከፋፍሎ፣ «ልጁ መጥፎ አመጋገብ ነው ያሳመመው» ብሎ ተረጐመላት። ወሬው በሰፈሩ ለመዞር ሁለት ቀን አልፈጀበትም። አክስቴ ቤታችን በመጣች ጊዜ፣ «ከአፌ ነጥቄ ያጐረስሁትን ልጅ አስርባ አሳመመችው ተባልሁ» ብላ ስታለቅስ ሰማኋት። ያላትን አንድ በግ ሸጣ ወተትና ዕንቁላል ትገዛለት ጀምራ ነበር።

የሥነ ሕይወት መምህራችንን ጠይቄ፣ ኋላም ከአክስቴ ጋር ወደ ሐኪሟ አብሬ ሄጄ የተረዳሁት ነገር የሚከተለው ነው። ይህን በሽታ እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሪዮን በ1852 ጽፎበታል። ወንዶች ልጆችን እንደሚይዝ፣ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ እንደሚደጋገም፣ ከሞቱት ልጆች አንዱ ሲመረመርም ኅብለ ሰረሰሩ ጤነኛ፣ ጡንቻው ግን የፈረሰ መሆኑን አስተዋለ። ፈረንሳዊው ዱሼን በ1868 ሰፊ ጥናት ስላወጣበት በሽታው በእርሱ ስም ቀረ፤ እንደ እኔ ከሆነ ሜሪዮን ተበድሏል። ዱሼን ለበሽታው ያወጣለት ስም «ሲውዶ ሃይፐርትሮፊ» የሚል ቃል ነበረበት። «ሲውዶ» ሐሰተኛ ማለት ነው። ሐሰተኛ ውፍረት! ሰው ሁሉ ያመሰገነው ያ ባት የወፈረው በጕልበት ሳይሆን የሞተው ጡንቻ በስብና በጠባሳ ሥጋ ስለተተካ ነው። ዱሼን የአክስቴን ልጅ ያየው ይመስላል። በ1879 ደግሞ ጋወርስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም እነዚህ ልጆች ከመሬት ሲነሡ እጃቸውን በጉልበታቸው፣ ቀጥሎም በጭናቸው ላይ እየተከሉ በገዛ ሰውነታቸው ላይ እንደ መሰላል እንደሚወጡ ገለጠ። የእኛ ልጅ የሚነሣው ልክ በዚህ ዓይነት ነው፤ እኛ ጨዋታ መስሎን ነበር።

«ዲስትሮፊ» የሚለው ስም የተለመደው ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ጡንቻው ሲፈርስ እንጂ ለምን እንደሚፈርስ ማየት አይችሉም ነበር። ጡንቻው በደንብ ያልተመገበ ስለመሰላቸው ያሉትን አሉ እንጂ ስለ ልጁ ገበታ አልተናገሩም። እውነተኛው ምክንያት የታወቀው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በ1987 ነው፤ ይኸውም «ዲስትሮፊን» የተባለ ፕሮቲን በእነዚህ ልጆች ጡንቻ ውስጥ መጥፋቱ ነው። ፕሮቲኑ ስሙን ያገኘው ከበሽታው መሆኑን ልብ በሉ። ሥራውን ለማስረዳት የጭቃ ቤታችንን ልጥቀስ። የቆሙትን እንጨቶች ከዳር እስከ ዳር አቆራኝቶ የሚይዘው ማገሩ ነው፤ ማገር የሌለው ግድግዳ ሰው በተደገፈው ቍጥር ይሰነጠቃል። ዲስትሮፊንም የጡንቻውን ክር ከሕዋሱ ሽፋን ጋር የሚያያይዝ ማገር ነው። እርሱ ከሌለ ጡንቻው በተሳበ ቍጥር ሽፋኑ ይተረተራል፤ ሲተረተር ይጠገናል፤ ጥገናው ሲሰለች በምትኩ ስብ ይገባል። ወተትም ዕንቁላልም ማገሩን አይሠሩለትም። እንዲያውም ሐኪሟ የነገረችን፣ ጡንቻው የደከመ ልጅ ክብደት በጨመረ መጠን የሚሸከመው ጭነት እንደሚበዛበት ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለችና፣ «እንግዲያስ ከእኔ ነዋ የመጣበት» አለች። ሐኪሟ ነገሩን አልደበቀችም። የዲስትሮፊን መመሪያ የሚገኘው «ኤክስ» በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚወስደው ከእናቱ ነው። ሆኖም ከታመሙት ልጆች ከሦስት አንዱ ያህል በእናት ላይ ያልነበረ፣ በልጁ ላይ እንደ አዲስ የተፈጠረ ጕድለት ነው ያለባቸው። ያለ ምርመራ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ከእናት ቢመጣም እንኳ እናት የምታውቀውና የምትመርጠው ነገር አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት እኅት ስላለችው ጥያቄው በእርሱ ብቻ አያበቃም፤ እርስዋም ስታድግ ልትጠይቀው የሚገባት ነገር ነው። ለበሽታው እስካሁን ድረስ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። «ስቴሮይድ» የተባሉት መድኃኒቶች ድካሙን ያዘገያሉ፤ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትንም ዘመን ያራዝማሉ፤ ልብና ሳንባን ማስመርመር ግን አይቋረጥም። አክስቴ በየማታው ልጁን አጋድማ ተረከዙን በቀስታ እየሳበች ታፍታታዋለች። ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው ወፍራም ጅማት በዚህ በሽታ እያጠረ ልጁን በጣቱ ጫፍ እንዲሄድ ስለሚያደርገው ነው። ያ ጅማት «የአኪሊስ ጅማት» ይባላል፤ በግሪኮች ተረት እናቱ ተረከዙን ይዛ በአስማተኛ ወንዝ ውስጥ የነከረችው፣ ከተረከዙም በቀር የማይቈስለው ጀግና ስም ነው። በየማታው የእናት እጅ ተረከዝ ይዞ ሳይ ይህ ተረት ትዝ ይለኛል።

ከአምስቱ ስፍራዎች ወደ ሌላው፣ ማለትም በነርቭና በጡንቻ መካከል ወዳለው ክፍተት ብንመጣ «ማያስቴኒያ ግራቪስ» የተባለውን እናገኛለን። «ማይ» ጡንቻ፣ «አ» የሌለው፣ «ስቴኖስ» ጕልበት፣ «ግራቪስ» ከባድ ማለት ነው፤ በአማርኛ «የጡንቻ መዛል» ብንለው በትክክል ይገልጠዋል። ሕመምተኛው ጧት ደኅና ሆኖ ይነሣል፤ ቀኑ ሲገፋ ግን የዐይኑ ቆብ ይወድቅበታል፤ እያኘከ መንጋጋው ይዝላል፤ ሲያርፍ እንደገና ይመለስለታል። በ1934 በለንደን ውስጥ በግሪኒች ትሠራ የነበረች ሜሪ ዎከር የተባለች ሐኪም፣ ይህ በሽታ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን በሚቀቡት «ኩራሬ» በተባለ መርዝ የተመረዘ ሰው እንደሚመስል አስተዋለች። የኩራሬ ማርከሻ የሆነውን ፊሶስቲግሚን የተባለ መድኃኒት በመርፌ ብትሰጥ የወደቀው የዐይን ቆብ ተነሣ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ተመልሶ ወደቀ። ፊሶስቲግሚን የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ ካላባር በሚባል አገር የተከሰሰ ሰው እንዲበላው ተደርጎ ንጹሕ ወይም በደለኛ መሆኑ ይፈረድበት ከነበረ ባቄላ ነው። መርዝ ለመርዝ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ዛሬም የዚያ መድኃኒት ዘመዶች ለዚሁ በሽታ ይሰጣሉ።

ጡንቻው ራሱ ምንም ሳይሆን የሚሰንፍባቸውም በሽታዎች አሉ፤ እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ታሳስታለች። «ማዮ» ጡንቻ ሲሆን «ማየሎ» ግን መቅኔ ነው፤ ኅብለ ሰረሰርም የጀርባ አጥንት መቅኔ ተብሎ ይቈጠር ነበር። «ማዮፓቲ» የጡንቻ፣ «ማየሎፓቲ» የኅብለ ሰረሰር በሽታ ነው። «ፖሊዮማየላይቲስ» የሚለውን እንፍታው፤ «ፖሊዮስ» ግራጫ፣ «ማየሎስ» መቅኔ፣ «አይቲስ» መቈጣት፤ የግራጫው መቅኔ መቈጣት ማለት ነው። ሁላችንም በአጭሩ ፖሊዮ የምንለው ይህ ነው። እግር የሚቀጥነው ጡንቻን የሚያዝዙት የኅብለ ሰረሰር ሕዋሳት በቫይረሱ ስለሞቱ፣ አዛዥ ያጣ ጡንቻም ስለሚመነምን ነው። የሳልክ ክትባት በ1955 ተፈቀደ፤ አፍሪካም ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ በ2020 ተረጋገጠ። በክትባት ያልተሸፈኑ ሕፃናት በብዛት ባሉበት ስፍራ ግን ከክትባቱ ቫይረስ የተለወጠ ሌላ ዓይነት ሊነሣ ስለሚችል፣ ክትባቱ የሚተው አይደለም።

በአገራችን ደግሞ ጓያ አለ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ሌላው እህል ሲደርቅ ጓያ ይቆማል፤ ስለዚህ ድኻ ለወራት እርሱን ብቻ ይበላል። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ትእዛዝ ከአንጐል ወደ ታች የሚወርድበትን መንገድ ያበላሻል፤ እግሮችም እንደ መቀስ እየተጠላለፉ ይገተራሉ። የኢጣልያው ሐኪም ካንታኒ በ1873 በሽታውን በእህሉ የላቲን ስም «ላቲሪዝም» አለው። የሚያመጣው ድክመት «ስፓስቲክ ፓራፓሬሲስ» ይባላል፤ «ስፓስቲክ» የሚጐትት፣ «ፓሬሲስ» ፈጽሞ ሳይጠፋ የላላ ኀይል ማለት ነው። ጓያውን ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ፣ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

«ፓሬሲስ» ድካም ከሆነ «ፕሌጂያ» ፈጽሞ ሽባ መሆን ነው፤ ቃሉ ግን በግሪክ «ምት» ማለት ነው። እኛም ራስ ምታት እንላለን፤ አንድ ጎኑ የማይታዘዝለትንም ሰው «መታው» እንላለን፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ነገር ተናግረዋል። በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው፣ በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ የደገመው ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ይህ «ፓራፕሌጂያ» ነው። የዓለምን ሯጮች ሁሉ የቀደሙት እነዚያ ባቶች አንዳች በሽታ አልነበረባቸውም፤ የተጐዳው ትእዛዙ የሚያልፍበት ኅብለ ሰረሰር ነው። በእንግሊዝ አገር ሲታከም ቆይቶ በ1970 በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳተፈ፤ በ1973 ዐረፈ።

በመጨረሻ ስለ አማርኛችን ጥቂት ልናገር። ለሕመም ቃል አላጣንም፤ ቍርጥማት፣ ጥዝጣዜ፣ ወለምታ፣ መሸማቀቅ፣ መዛል፣ መደንዘዝ፣ መመንመን እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ናቸው። ቴታነስ ማለት በግሪክ መወጠር ሲሆን የእኛ «መንጋጋ ቆልፍ» ግን በሽታው በየት እንደሚጀምር ጭምር ስለሚናገር ይበልጣል ባይ ነኝ። የሚያስቸግረው «ጅማት» የሚለው ቃል ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ነው፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ነው፤ አንዳንዱ ሰው ነርቭንም ከቆዳ በታች የሚታየውን የደም ሥርም ጅማት ይለዋል። ወጌሻው «ጅማቱ ተላውሷል» ባለ ጊዜ ከአራቱ የትኛውን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። በዚህ ግን የምናፍርበት ነገር የለም። ግሪኮችም ጥንት «ኔውሮን» ሲሉ ጅማት ማለታቸው ነበር፤ ነርቭን ከጅማት የለዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበሩት ሄሮፊለስና ኤራሲስትራተስ ናቸው። የድሮው ስሕተት እስከ አሁን በአንድ ስም ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል፤ እንደ ስስ ጨርቅ የተዘረጋው ጅማት «አፖኔውሮሲስ» ሲባል፣ ስሙ ነርቭ ነርቭ ይሸታል እንጂ ነርቭ የለበትም።

ስለዚህ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው «ጅማቴን» ከማለት ይልቅ የሚያቅተውን ሥራ ቢናገር ይሻላል። ከበርጩማ ለመነሣት፣ ዳገት ለመውጣት፣ ጠጕሩን ለማበጠር ወይም ጋቢውን በትከሻው ላይ ለመጣል የሚቸገር፣ ሰውነቱ ግን የማይደነዝዝ ሰው፣ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠረጥርለት ጡንቻውን ነው። ጫማው ከእግሩ ላይ ሳያውቀው የሚወልቅበት፣ ቍልፍ መቈለፍና ሳንቲም ከመሬት ማንሣት የሚያቅተው፣ ጣቱም የሚደነዝዝ ከሆነ ደግሞ ነርቩን ይጠረጥራል። ጧት ደኅና ሆኖ ማታ የሚዝል ከሆነ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስበት ይናገር። ልጅ ከሆነ ከመሬት እንዴት እንደሚነሣ ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብሎ ይነሣ።